የቀላል ብረቶችን ገጽ በኤሌክትሮን ጨረር ሲያጠነክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ክብደቱ ቀላል የሆነን ብረት (አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየም ወይም ቲታኒየም) ገጽ ይመታል። ስስ ሽፋን ይቀልጣል። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ስለሚስበው ሽፋኑ በቅጽበት ይረጋል። በዚህ ፍጥነት ሲረጋ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ይሆናሉ፤ ገጹም ይጠነክራል። ሲሠራ ግን ብዙ ነገር ይበላሻል።

1. ለማግኒዥየም የአሉሚኒየምን የጨረር ቅንብር መጠቀም

በጣም የሚያስከፍለው ይሄ ነው። አሉሚኒየም በ660፣ ማግኒዥየም በ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ቁጥሩ ሲቀራረብ “ያው ነው” ያሰኛል። አይደለም። አሉሚኒየም ለመፍላት ከ2400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ማግኒዥየም ግን በ1090 ገደማ ይፈላል። ያውም በተለመደው የአየር ግፊት። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥማ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት መትነን ይጀምራል። ለአሉሚኒየም የተስተካከለ ጨረር ሲያርፍበት ገጹ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል። ዚንክም እንዲሁ ነው፤ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ዚንክ ያለበት እንደ 7075 ያለ የአሉሚኒየም ቅይጥም ጥንቃቄ ይሻል።

የተነነው የት ይሄዳል? የክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በብረት መፋቂያ እንዳይፍቁት! ደቃቅ ማግኒዥየም በትንሽ ብልጭታ በእሳት ይያያዛል።

2. ከውስጥ ያለውን ጋዝ መርሳት

ዘይትና የጣት አሻራ ማጽዳትን ሁሉም ያውቃል። ቀልጦ በግፊት ሻጋታ ውስጥ በተቀረጸ አሉሚኒየም ውስጥ የታፈነውን ጋዝ ግን ማጽጃ አያወጣውም። ገጹ ሲቀልጥ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ለስላሳ የነበረው ገጽ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሪያው ጥሩ ቀረጻ መምረጥ ይሻላል።

3. መያዣውን አለመፈተሽ

አሉሚኒየምም ቲታኒየምም ማግኔት አይስባቸውም። የሚይዛቸው የብረት ማሰሪያ ግን ውስጡ ማግኔትነት ከቀረ ጨረሩን ያጣምመዋል። ሰው ማሽኑን ይጠረጥራል፣ ጥፋተኛው ማሰሪያው ነው።

4. ቮልቴጅ ሲጨምር ጥልቀቱ ሁሉ ይጨምራል ብሎ ማሰብ

በ60 ኪሎቮልት ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው አሉሚኒየም ውስጥ የሚገቡት ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች የሚወርደው ሙቀቱ ነው፤ እሱን የሚወስነው ደግሞ የጉልበቱ መጠንና ጨረሩ የቆየበት ጊዜ ነው። በነገራችን ላይ፣ ኤሌክትሮኖቹ ብረቱ ላይ ሲቆሙ ኤክስሬይ ይፈጠራል። ስለዚህ የማያ መስኮቱን በተራ መስታወት መተካት አይታሰብም።

5. በጥንካሬ ቁጥር ብቻ መፍረድ

ቲታኒየም በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። ገጹ ላይ የሚቀረው የመወጠር ኃይልም ስንጥቅ ይጋብዛል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ይዩት። ሌላም አለ፦ የጥንካሬ መለኪያውን በከባድ ጭነት ሲጫኑት ስሱን ሽፋን በስቶ ከሥር ያለውን ለስላሳ ብረት ይለካል። ሠራተኛው “አልጠነከረም” ብሎ ጉልበት ይጨምራል፣ ማግኒዥየሙም እንደገና መትነን ይጀምራል።