ደንበኛው «እሺ» ብሎ ሄዶ ተናዶ ሲመለስ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ ጥገና ቤት ደንበኛ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ከጥገናው ይልቅ የሚያጣላን አለመግባባት ነው።

ችግር፦ ደንበኛው በቀጠሮው ሰዓት አይመጣም።

አንዲት እናት ከአጋሮ ተነስተው፣ የተበላሸውን ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው፣ ከሰዓት መጡ። ሠራተኛው ጠዋት ጠብቋቸው ሄዷል። በትንሿ ስልካቸው የላክነውን ሜሴጅ አሳዩኝ፤ «9:00» ይላል። «9 ሰዓት ብላችሁኝ የለ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ምክንያት፦ ሜሴጁን የሚልከው ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእሱ 9 የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

መፍትሄ፦ «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። ቀኑንም 10/2 አትበሉ፣ 2 ለእኛ ጥቅምት ነው፣ ለፈረንጁ ፌብሩዋሪ።

ችግር፦ ደንበኛው ተስማምቶ ሲያበቃ «አልነገራችሁኝም» ይላል።

ይሄኛው በጣም ያመኛል። «ፎርማት ላድርገው?» (ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ማለት ነው) ስለው «እሺ» ያለኝ ልጅ ነበር። ስልኩን ሲረከብ ጋለሪውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። የሟች አባቱ ፎቶ የነበረው እዚያ ብቻ ነው።

ምክንያት፦ «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰማሁ» ማለት እንጂ «ገባኝ» ማለት አይደለም። ይሉኝታ አለ፤ ሰው ፊት «ፎርማት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል፣ በተለይ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ እኛ በአማርኛ ስናጣድፈው።

መፍትሄ፦ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ያው «አዎ» ነው። «ፎቶዎትም ስልክ ቁጥሮችዎም በሙሉ ይጠፋሉ፣ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋቸዋል?» በሉና የት እንዳስቀመጡ በራሳቸው አፍ እስኪነግሯችሁ ስልኩን አትንኩ። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ባልደረባ ካላችሁም ገና ሲጀመር ጥሩት፣ ጸብ ከተነሳ በኋላ ቢመጣ ሥራው ማስታረቅ ብቻ ነው።

ችግር፦ በየቀኑ ይደውላል፣ ይቆጣል።

ምክንያት፦ «እንደውላለን» ብለን ስላልደወልን ነው። ወይም አንዱ ሠራተኛ «ነገ» ሲለው ሌላው «ሰኞ» ብሎታል።

መፍትሄ፦ ዕቃው ከአዲስ አበባ ባይደርስም ባላችሁት ቀን ደውላችሁ «አልደረሰም» በሉ። ለደንበኛው የተባለውን ሁሉ፣ ማን እንዳለው ጭምር፣ አንድ ደብተር ላይ ጻፉ። የእኛ ደብተር ባንኮኒው ላይ በገመድ ታስሯል፣ ማንም ይዞት እንዳይሄድ።