የሰፈር አቤቱታ፦ ጎረቤት አምኖ እንዲፈርም እንዴት ይደረጋል?

የሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ቤት ይገባ ነበር። ሁሉም ያማርራል። «እንፈርም» ሲባል ግን ሰው ይጠፋል። ግድ ስለሌለው አይደለም። ይህ የገባኝ አንድ ዓመት ካባከንኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ቱቦውን፣ የመንገድ መብራቱንና ቆሻሻውን አብራችሁ ከጻፋችሁ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በሜትር ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

ቀጥሎ ፊርማ። ከባዱ እዚህ ጋ ነው።

እኔ «ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ» የሚል ሰንጠረዥ ብቻ ያለበት ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ደብዳቤውን በኋላ አያይዘዋለሁ ብዬ ነው። አንዲት እናት ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት። ጀርባውም ባዶ ነው። «ልጄ፣ ከላዩ ምን ልትጽፍበት ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ነበሩ። ፊርማው ላልፈለገው ነገር እንዳይውል ማንም ይሰጋል። በባዶ ወረቀት በፍጹም አታስፈርሙ። ጥያቄው በየገጹ አናት ላይ ይጻፍ።

በዓመቱ በእድር በኩል ሄድኩ። ለእድር ሰው ይመጣል። ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የተከለለት፣ አብሮት ያመሸው እድሩ ነውና ያምነዋል። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ይሄ ነገር ፖለቲካ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። እናንተም ጋ ይነሳል፣ አትቆጡ። አቤቱታ ማቅረብ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የሰፈረ መብት ነው። አንቀጹን አትማችሁ ያዙና አንብቡላቸው። መጀመሪያ የእድሩ ዳኛ ፈረሙ፤ ከዚያ እስክሪብቶው ከእጅ እጅ ዞረ። ስብሰባ የማይወጡትን እናቶች ደግሞ ቡና ላይ አገኘናቸው። ከወንዶቹ ይልቅ ውሃው የት የት እንደሚገባ በዝርዝር የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። በቴሌግራም ግሩፕ አትመኩ። ላይክ ያደረገ ሁሉ አይፈርምም።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ለወረዳው መዝገብ ቤት አስገቡ። የእናንተ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይረፍበት። ለኃላፊው በእጅ መስጠት ፈጣን ይመስላል፤ ኃላፊው ሲቀየር ግን ደብዳቤውም የት እንደገባ አይታወቅም።

የተባላችሁትን በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተናገሩ። መልሱ «በጀት የለም» ቢሆንም ተናገሩ። ፈርሞ ወሬው የጠፋበት ሰው ሁለተኛ አይፈርምም።

ወረዳው ዝም ካለ ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የአስተዳደር በደልን የሚመረምር ተቋም ነው። ስትሄዱ ማህተም ያረፈባትን ኮፒ አትርሱ፤ ወረዳውን አስቀድማችሁ መጠየቃችሁን የምታሳየው እሷ ናት።