ህልማችሁን ከመፍታታችሁ በፊት ጻፉት

አምና ክረምት ላይ አንድ ህልም አየሁ። አያቴ ቤት ነኝ፣ አንዲት ሴት እጀታ በሌለው ጀበና ቡና ትቀዳለች፣ ከዚያ ጥርሴ ወለቀ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ሳምንቱን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ስትወድቅ እኮ አይቻታለሁ!» ስል ከረምኩ። በኋላ ደብተሬን ስገልጥ ግን አክስቴ የለችም፣ የወደቀም ሰው የለም። የጻፍኩት «ፊቷ የማይታይ ሴት» ብዬ ነው። ባወራሁት ቁጥር ህልሙ ወደ አክስቴ ሲጠጋልኝ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአልጋ ነው። ስትነቁ አትገላበጡ፣ መልእክት መጣ ብላችሁም ስልክ አትክፈቱ። ዓይናችሁን እንደጨፈናችሁ መጨረሻ ያያችሁትን ያዙና ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዚያ ጻፉ። መጻፍ ከከበዳችሁ በድምፅ ቅዱት፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ሰዓቱንና ቀኑን ራሱ ይይዝላችኋል፣ እሱ ደግሞ በኋላ ይፈለጋል።

የንጋት ህልም የሚደምቀው በምክንያት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ይፋ አደረጉ፤ ቁልጭ ያለ ህልም በብዛት የሚታየው ያኔ ነው። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ሊነጋ ሲልም ይረዝማል። አላርም የማትሞሉበት ቀን ካለ በዚያ ጀምሩ።

ስትጽፉ ያያችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትጻፉ። «እናቴን የምትመስል ሴት» እና «እናቴ» አንድ አይደሉም። የተሰማችሁንም ጨምሩ፤ ፍርሃት ነው? ናፍቆት ነው? ከሥር ደግሞ የትናንት ውሏችሁን በሁለት መስመር አስፍሩ። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ፍሮይድ ህልም ከቀኑ ትራፊ ይለቃቅማል ይል ነበር፣ በሌላው ባልስማማም በዚህ እስማማለሁ፤ እኔ ራሴ ለካ በዋዜማው ጎረቤት ቤት የተሰነጠቀ ጀበና አይቼ፣ መንጋጋዬም ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደርኩት።

አሁን ፍቺው። ጥርስ ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል፣ ሰርግ ለቅሶ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? መጀመሪያ «ይህ ነገር ለእኔ ምኔ ነው?» በሉ። ጀበና ለእኔ አያቴ ናት፣ ለሌላው የሥራ ዕቃ ነው። ለሰው ከነገራችሁም ገና ሳይሰማ «በደግ ይፍታው» ለሚል ሰው ንገሩ፤ የሚያስፈራራ ፈቺ እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ጥቅም የለውም። ክፉ ህልም እየተመላለሰ እንቅልፍ ከነሳችሁ ግን ደብተሩን ተዉትና ባለሙያ አማክሩ።

ግጥምጥሞሽ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የዮሴፍን ነገር አስቡት፦ የፈርዖንን ላሞች የፈታው ቀድሞ ነው፣ ያውም በቁጥር፣ ሰባት የጥጋብ ሰባት የረሃብ ዓመት ብሎ። እናንተም ይሆናል የምትሉትን ነገር ከመሆኑ በፊት ጻፉ፣ ቀነ ገደብም ስጡት፤ እኔ ሰባት ቀን እሰጠዋለሁ። ሲያልፍ የገጠመውን በአንድ በኩል፣ ያልገጠመውን በሌላ በኩል አስፍሩ። ምንም ያልተከተላቸውን ህልሞችም ቁጠሩ፤ ሰው የሚዘለው እነሱን ነው። በቀን አንድ ህልም ብታስታውሱና ከሺህ አንዱ ብቻ በአጋጣሚ ቢገጥም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዴ «ጉድ!» ብትሉ ምኑ ይገርማል?

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት፣ የጻፍኩትንም ቃል በቃል አነበብኩላት። እጇ በጀሶ እንደታሰረ ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ያቺ ሴትዮ እኔ ካልሆንኩ ማን ልትሆን ነው?» አለችኝ።