የራም ምስጠራ፦ ከፍቶ መተው አይበቃም

ዲስኩን በምስጠራ የቆለፈ ሰው ብዙ ጊዜ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ ይረሳዋል። የዲስኩ ቁልፍ ግን ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ ራም ውስጥ ነው ያለው። ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደተቋረጠ ወዲያው ባዶ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ቡድን የራሙን ቺፕ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዞ፣ ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ቁልፉን አንብቦታል።

ይህን የሚከላከለው ራሙን ራሱን መመስጠር ነው። መጀመሪያ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራውን ፕሮግራም) አድሱ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ራሙን በሙሉ የሚመሰጥረውን ምርጫ፣ ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ከሆነ ቲኤስኤምኢ፣ ኢንቴል ከሆነ ቲኤምኢ የሚለውን ክፈቱ። ምርጫው ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ አይችለውም ማለት ነው፤ የኤኤምዲ ኤፒክና ራይዘን ፕሮ፣ ቪፕሮ (ለድርጅቶች የሚሠራው የኢንቴል ዓይነት) ያላቸው አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖችና ከ3ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ዚዮን ሰርቨሮች ይችላሉ። የምትይዙት የይለፍ ቃል የለም። ቁልፉን ፕሮሰሰሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ ይፈጥረዋል።

መከፈቱን ሊኑክስ ላይ በኤፍደብሊውአፕዲ (fwupd፣ ባዮስን የመሰሉ ፕሮግራሞችን የሚያድስ መሣሪያ) የደህንነት ምርመራ፣ ስለ ራም ምስጠራ በሚናገረው መስመር እዩ። ቲኤስኤምኢ ስርዓተ ክወናው ሳያውቀው ስለሚሠራ የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) መዝገብ ምንም ላይል ይችላል፤ ይህን አይተው አልሠራም ብለው መልሰው የሚያጠፉት አሉ።

ምስጠራው የሚፈታው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ በተንደርቦልት (ፈጣን የኬብል መሰኪያ) የተሰካ መሣሪያ በዲኤምኤ፣ ማለትም ስርዓተ ክወናውን ሳይጠይቅ ራምን በሚያነብበት መንገድ፣ ሲያነብ ንባቡ በዚያው ስለሚያልፍ የሚያገኘው የተፈታውን ነው። መሣሪያዎች የሚነኩትን የራም ክፍል የሚገድበውን አይኦኤምኤምዩንም አብራችሁ ክፈቱ።

ከባዱ ነገር መመስጠሩ ሳይሆን ማንም እንዳልነካው ማረጋገጡ ነው። በእነዚህ ስልቶች አንድ ዓይነት መረጃ በአንድ አድራሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምስጥር (የተመሰጠረ ጽሑፍ) ይሆናል። ራሙና ማዘርቦርዱ መካከል ትንሽ ሰሌዳ ያስገባ አጥቂ «ፈቃድ አለው» የሚለውን የትናንት ምስጥር ሳያነበው ቀድቶ፣ ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ መልሶ ቢያቀርበው ፕሮሰሰሩ ሳይጠራጠር ይቀበለዋል። ምናባዊ ኮምፒውተሮችን ከሰርቨሩ ባለቤት ሳይቀር የሚሰውረው የኢንቴል ቲዲኤክስ በየ64 ባይቱ የ28 ቢት ማረጋገጫ ማያያዝ ይችላል። ይህ የተለወጠን ይይዛል፤ ከነማረጋገጫው የተመለሰን አሮጌ ግን አይለይም። የመጀመሪያው ኤስጂኤክስ (የአንድ ፕሮግራምን ክፍል ብቻ የሚከልለው የኢንቴል ስልት) ሥሩ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ የቆጣሪዎች ዛፍ፣ ማለትም የትኛው መረጃ የቅርቡ እንደሆነ በሚመዘግቡ በደረጃ የተያያዙ ቁጥሮች፣ ይህንንም ይከለክል ነበር፤ ዋጋው የተጠበቀው ራም በ128 ሜጋባይት መወሰኑና ፍጥነቱ መቀነሱ ነው። በኋላ ለሰርቨር የወጣው ኤስጂኤክስ ዛፉን ትቶታል።

ኢሲሲ ራም ይህን አይተካም። በመረጃው ላይ የሚጨምረው ትርፍ ቢት ድንገተኛ ስህተትን ለማረም የተሠራ ነው፤ ምስጢራዊ ቁልፍ ስለሌለበት አጥቂውም ያሰላዋል።