«ያዥልኝ» በወረቀት ሲሆን፦ ልጅ ብቻሽን ይዘሽ ጀርመን ለገባሽ

ደሴ፣ እናቴ ቤት ቡና ላይ ነን። ቶናው ሊቀዳ ሲል የጎረቤታችን ስልክ ጠራ። ልጃቸው ናት፣ ከጀርመን። የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ሥራ አግኝታለች፤ ልጁን የሚይዝላት ግን የለም። ታለቅሳለች። እናትየዋ ስልኩን ሰጡኝና «አንቺ አልፈሽበታል፣ እስቲ አንድ ነገር በያት» አሉኝ።

እውነት ነው፣ አልፌበታለሁ። ፍራንክፈርት ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት። ለእሷ የነገርኳትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው። አባቶችም ብትሆኑ ያው ነው።

ደሴ ሰኞ ገበያ ለመሄድ አንድ ቃል ይበቃል፦ «ያዥልኝ»። ስትመለሺ ልጅሽ በልቶ፣ ታጥቦ፣ ጎረቤት አልጋ ላይ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ጀርመን ግን «ያዥልኝ» የሚባለው በወረቀት ነው፤ ያውም ከወራት በፊት።

መዋዕለ ሕፃናቱን ኪታ ይሉታል። ከነሐሴ 2013 (በፈረንጆች) ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ቦታ የማግኘት መብት በሕግ አለው። መብቱ አለ፣ ወረፋውም አለ። ስለዚህ አድራሻሽን ባስመዘገብሽበት ሳምንት ልጁንም አስመዝግቢ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን አምስት ስድስት ቦታ። ፍራንክፈርት ባለችበት ክልል፣ ሄሰን ውስጥ ከሆንሽ ከሦስት ዓመት ጀምሮ በቀን ስድስት ሰዓት በአብዛኛው ነፃ ነው። ኪታ እስኪገኝ ዩገንድአምት፣ ማለትም የልጆችና ወጣቶች ቢሮው፣ ታገስሙተር እንዲፈልግልሽ ጠይቂ። ፈቃድ ኖሯት ጥቂት ልጆችን ቤቷ የምትይዝ ሴት ናት።

ስትመዘገቢ ደግሞ «ብቻዬን ነኝ» በይ። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። እኔ መጀመሪያ አፍሬ «አባቱ ሥራ ላይ ነው» እል ነበር። በብዙ ከተማ ብቻቸውን እያሳደጉ ለሚሠሩ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ያንን ዓመት ልጄ ከአንዷ ቤት ወደ አንዷ ቤት ሲንከራተት ከረመ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ቦታ ሲገኝ ሰኞውኑ ሥራ እጀምራለሁ አትበይ። ልጁ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አብረሽው ትቀመጫለሽ። ይህን ለአሠሪሽ ቀድመሽ ንገሪ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጅ ሲታመም ነው። አንድ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ የልጄ ግንባር እንደ ምጣድ ጋለ። የጽዳት ሥራዬ አስራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ፣ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደሴ ቢሆን ግድግዳውን ብመታ ሰው ይመጣል። ያኔ የማላውቀው ነገር ነበር፦ በመንግሥታዊው የጤና መድን ውስጥ ካላችሁ፣ ልጅሽ አስራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር ቤት መቅረት ትችያለሽ። ብቻውን ለሚያሳድግ ሰው በ2025 በዓመት 30 የሥራ ቀን ነበር። ከደመወዝሽ አብዛኛውን የሚተካልሽ መድኑ ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፦ ኪንደርጌልድ፣ ማለትም መንግሥት ለልጅ የሚሰጠው ድጎማ፣ በ2025 በወር 255 ዩሮ ነበር። አባትየው ካልከፈለ ኡንተርሃልትስፎርሹስ የሚባል ምትክ ቀለብ ከዩገንድአምት ይጠየቃል። ስለ አባትየው የምታውቂውን መንገር ግዴታሽ ነው፤ ዝም ካልሽ ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ሁለቱም እንደ መኖሪያ ፈቃድሽ ዓይነት ይለያያሉና ከመቁጠርሽ በፊት ጠይቂ።

«ዩገንድአምት ልጅ ይቀማል» ሲሉሽ ትሰሚያለሽ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ትንሽ ልጅ ቤት ቆልፈሽበት ሥራ ከመሄድ፣ ራስሽ ቀድመሽ ሄደሽ «አልቻልኩም» ማለት ይሻላል። አብሽሪ፣ እኔ ሄጄ ነው ታገስሙተሯን ያገኘኋት።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። ከዚያ «ለኪታው የክትባት ወረቀት አምጪ አሉኝ፣ የለኝም» አለች። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ የሌለው ልጅ ኪታ አይገባም፤ አንድ ዓመት ለሞላው አንድ፣ ሁለት ዓመት ለሞላው ሁለት ክትባት። የእኛ አገር ካርድ ላይ በዘጠኝና በአስራ አምስት ወር የሚሰጡት ናቸው።

እናትየዋ በረካውን ሳይጠጡ ብድግ ብለው ቤታቸው ሄዱ። ከቁም ሳጥን ላይ የወረደ ፌስታል ይዘው መጡ። የቆሸሸ፣ ጠርዙ የተላጠ የጤና ጣቢያ ካርድ ወጣ። ሁለቱም ቀኖች አሉበት። ፎቶውን ወዲያው ላክንላት። ዋናው ሐሙስ ከእኔ ጋር ይሄዳል።