በመድኃኒት የመጣን የወንድ መካንነት የሚያክም ኢንዛይም በአይጥ ላይ እንዴት ይፈተሻል?

ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ስፐርም አምራች ህዋሳትንም ይመታል፤ ኦክሲዳቲቭ ጉዳትም፣ ማለትም ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች በህዋስ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት፣ ያደርሳል። ከእነዚህ ውህዶች አንዱን፣ ሱፐርኦክሳይድን፣ የሚያስወግደው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚሞከረው ለዚህ ነው።

1. ከእንስሳት ምርምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ አይጀመርም። ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሆናቸው ዊስታር የተባለው የቤተ ሙከራ ዝርያ ወንድ አይጦች በዕጣ ለአምስት ምድብ ይከፈሉ፣ በየምድቡ 8፦ መሟሟቻ (መድኃኒቱና ኢንዛይሙ የሚሟሙበት ፈሳሽ) ብቻ፣ ኢንዛይም ብቻ፣ መድኃኒት ብቻ፣ መድኃኒትና ኢንዛይም፣ መድኃኒትና ሥራው የጠፋ ኢንዛይም። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያለ እሱ ግን ለውጡ ከኢንዛይሙ ሥራ ይምጣ ወይስ ከማንኛውም ፕሮቲን አይለይም። ይህ ኢንዛይም ሙቀትን አጥብቆ ስለሚቋቋም ከፈላ በኋላም ሥራው መቆሙ ይለካ።

2. መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ጉዝጓዙን ያለ ጓንት አትንኩ።

3. ኢንዛይሙ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ከተሰጠ የተፈተነው መከላከል እንጂ ሕክምና አይደለም። ለሕክምና መድኃኒቱ ካለቀና ጉዳቱ ከታየ በኋላ ይጀመር። በአፍ ከተሰጠ ጨጓራ ይፈጨዋል፤ በመርፌ ሲሰጥም በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ስለሚወጣ በደም ውስጥ ከሚያቆየው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ከተባለ ውህድ ጋር የተጣመረው ይመረጣል።

4. አይጥ ስፐርም ለማምረት 52 ቀን ያህል፣ በኤፒዲዲሚስ (ስፐርም በሚበስልበትና በሚከማችበት፣ ከዘር ፍሬው ጋር በተያያዘው ቱቦ) ለማለፍ 8 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሕክምናው ከተጀመረ ቢያንስ 60 ቀን ይጠበቅ። በ14ኛው ቀን የሚገኘው ስፐርም ሕክምናው ሲጀመር የህዋስ ክፍፍሉን የጨረሰ ነው። መድኃኒቱ ሲቆም አይጡ በራሱም ሊያገግም ስለሚችል ሁሉም ምድቦች እኩል ቀን ይቆዩ።

5. ከዚያ እያንዳንዱ ወንድ ከ2 ሴቶች ጋር ለ10 ቀን ይቀመጥ። የአይጥ ስፐርም በጣም ቢቀንስም ሊያስረግዝ ይችላልና «አረገዘች» ብቻ መልስ አይሆንም። በማህፀን ተተክለው የሞቱት ጽንሶች ይቆጠሩ፤ ሳይክሎፎስፋማይድ በአባት በኩል የሚያደርሰው ጉዳት እዚያ ጎልቶ ይታያል።

6. ወንዱ በማደንዘዣ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ የኤፒዲዲሚሱ ጭራ ተመዝኖ በ37 ዲግሪ በሞቀ 2 ሚሊ ሊትር የጨው ውህድ ውስጥ ይቆረጥ። ከ5 ደቂቃ በኋላ መጀመሪያ እንቅስቃሴው ይታይ። የማይክሮስኮፑ መስታወት ከቀዘቀዘ የጤነኛው ስፐርምም ይለግማል። ቀጥሎ 10 ማይክሮ ሊትር በ190 ማይክሮ ሊትር ውሃ ይቀጥን። ኒውባወር በተባለው ባለ ካሬ የህዋስ መቁጠሪያ መስታወት ላይ 5 ደቂቃ አስቀምጣችሁ፣ ከመሃሉ 25 ካሬዎች በ5ቱ ያሉትን ጭንቅላቶች ብቻ ቁጠሩ። 60 ካገኛችሁ 60 × 5 × 20 × 10,000፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 60 ሚሊዮን ነው። ቆጣሪው ምድቡን አይወቅ፣ ናሙናው በኮድ ይምጣ።

7. የዘር ፍሬው ለማይክሮስኮፕ ምርመራ ቡዋን በተባለው የሕብረ ህዋስ ማቆያ ፈሳሽ ይቀመጥ፤ ፎርማሊን ስፐርም የሚመረትባቸውን ቱቦዎች ያኮማትራል።