የአንጀት ካንሰርን ለመከላከል፦ ከኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ

«የአንጀት ካንሰር እንዳይዘኝ ምን ልብላ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ማለትም የሰውነት ውስጥ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቱቦ የሚታይበት ክፍል ነው። ስለ ምግቡ ከመናገሬ በፊት ግን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» እላለሁ።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከምንለው ትንሽ እባጭ ነው። አብዛኛው ፖሊፕ ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ግን ወደ ካንሰር ይለወጣል፤ ለዚያውም 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እስከዚያ ካገኘነው እንቆርጠዋለን። ይህን የምናደርገው በኮሎኖስኮፒ ነው፤ ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ያሳየናል። በቱቦው ውስጥ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ይገባል፤ ፖሊፑ ሥር ይጠልቅና ጠበቅ ብሎ ይቆርጠዋል፤ በቃ። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ሲቆረጥ አያምም። የወጣውን ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ።

ስለዚህ 45 ዓመት ከሞላችሁ፣ ምንም ባያማችሁም፣ ተመርመሩ። ድሮ 50 ነበር። ወጣቶችም ላይ እየታየ ስለመጣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ወረደ፤ አሁንም ከ50 የሚጀምሩ አገሮች አሉ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ታሞ ከሆነ ደግሞ በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመዳችሁ ላይ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ። አባታችሁ በ48 ከታመመ፣ የእናንተ 38 ነው። የሚቀድመውን ያዙ።

ኮሎኖስኮፒ የሚያስፈራችሁ በየዓመቱ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ትችላላችሁ። በዓይን የማይታይ ደም ይፈልጋል። ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። «ተሳስቶ ይሆናል፣ ልድገመው» ማለት ራስን መሸንገል ነው።

ሰው የሚማረረው ከምርመራው ይልቅ በዝግጅቱ ነው። አልፈርድም፤ አንጀት ለማጽዳት የሚጠጣው የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይጣፍጥም። ቀዝቅዞ በስትሮ ሲጠጣ ይሻላል። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ፍሬ ያላቸውንና ገለባ የበዛባቸውን ምግቦች ተዉ። በዋዜማው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ጠጡ፤ ቀይ መጠጥ ግን አይሆንም፣ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል። ግማሹን መድኃኒት ማታ፣ ግማሹን በምርመራው ቀን በተነገራችሁ ሰዓት ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይቺን ሁለተኛዋን ነው። የሚወጣው ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ መሆን አለበት። አሁንም ቡናማ ከሆነ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ፤ ባልጸዳ አንጀት ትንሹ ፖሊፕ አይታይም። መቀመጫችሁ እንዳይቆስል ቫዝሊን ቀቡ። ደም የሚያቀጥን፣ የስኳር ወይም የአይረን መድኃኒት የምትወስዱ ቀደም ብላችሁ ንገሩን። ማደንዘዣ ስለሚሰጣችሁ ቤት የሚያደርሳችሁ ሰው ያዙ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ በጣም ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት አደጋውን 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀይ ሥጋ ከበሰለ በኋላ ሲመዘን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ያልተፈተገ እህል አብዙ። ሲጋራ አቁሙ፣ አልኮል ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ውፍረት ተቆጣጠሩ። «አንጀት ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄትና ሻይ እርሱት፤ ፖሊፕ በሻይ አይታጠብም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰገራው ላይ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለወራት የሚቀመጥ ሰው። አፍሮ ሆድ ይፍጀው ይላል። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ግን ኪንታሮትና ካንሰር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ደም ካያችሁ፣ የሰገራችሁ ሁኔታ ተለውጦ ከቆየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም የአይረን እጥረት ደም ማነስ ከተገኘባችሁ፣ 45 እስኪሞላችሁ አትጠብቁ። ሐኪሙም ሳያያችሁ ቅባት ብቻ አዝዞ ሊሸኛችሁ ከሆነ፣ «ደሙ ከየት እንደሚመጣ ይመርመርልኝ» በሉት።